የአባቷን መታወቂያ የጠየቀችው ልጅ

ማሬን ቶርገርሰን ኮሌጅ የገባችው የሰው ጥርስ ለማጽዳት እንጂ መንግሥት ለማጥናት አልነበረም። በዊስኮንሲን የገጠር አውራጃ ውስጥ ያለው ኮሌጅ የጥርስ ንጽሕና ትምህርት በሁለት ዓመት ያስጨርሳል። ያንን ጨርሳ፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ከአባቷ የላሞች በረት ወጥታ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ መሥራት ነበር ሐሳቧ። ነገር ግን ኮሌጁ ተማሪውን ሁሉ የሚያስገድድባቸው አንዳንድ ትምህርቶች አሉ፤ አንዱ የአሜሪካ መንግሥት የሚባለው ነው። ማሬን ሦስት ጊዜ ሸሸችው። በሃያ ዓመቷ፣ መስከረም ላይ፣ ሌላ መሸሻ ስታጣ ተመዘገበች።

አስተማሪዋ ሚስ ዴልጋዶ ይባላሉ። ሃያ ዓመት በጥብቅና ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ቆይተው ወደ ማስተማር የመጡ፣ አጭር፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ በዚህ ሳምንት መንግሥት አንተን ወይም አንቺን የነካው የት ላይ ነው? ለዚህ በየሳምንቱ ዓርብ አንድ ገጽ መልስ ማምጣት የሁሉም ግዴታ ሆነ።

ማሬን መጀመሪያ ያመጣችው ስለ ሦስቱ የመንግሥት አካላት ነበር። ሕግ አውጪው እንዲህ፣ ሕግ አስፈጻሚው እንዲያ፣ ዳኛው ደግሞ እንዲህ ብላ አሳምራ ጻፈች። ገጹ ሲመለስ ግርጌው ላይ በእርሳስ የተጻፈ አንድ መስመር ብቻ ነበረበት። "ይኼን መጽሐፉ ነግሮኛል። አንቺ የት አለሽ?"

ተናደደች። ተናዳም ስለ ወተት ጻፈች። አባቷ በቀን ሁለት ጊዜ ሰማንያ ላም ያልባል፤ የወተቱን ዋጋ የሚቆርጠው ግን እሱም አይደለም፣ ወተቱን የሚገዛውም አይደለም፤ ዋሽንግተን የተቀመጠ ሰው ያወጣው፣ ከአራት ገጽ የማያንስ ቀመር ነው። አባቷ ቀመሩን አንድ ቀን አንብቦ ለመጨረስ ሞክሮ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ እንደወረወረ ጻፈች። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ እናቷ ስለ ጆይስ ጻፈች። እናቷ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራው ለደመወዙ ሳይሆን ለቤተሰቡ የጤና መድን ነው፤ ጀርባዋ ታሞ እንኳ ሥራውን መልቀቅ አትችልም፤ ለቀቀች ማለት የጀርባዋን ሐኪም ለቀቀች ማለት ነውና።

አራተኛው ገጽ ስለ ጎረቤታቸው ነበር፤ ስሙን አልጻፈችም። ሰውዬው ድንበር ጥሰው የሚገቡትን የውጭ ሰዎች ሲረግም ይውላል። ላሞቹን የሚያልቡለት ግን ከኒካራጓ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ስለማይችሉ እሑድ እሑድ የሰውዬው ሚስት ናት ገበያ የምታደርሳቸው። ከወንድማማቾቹ አንዱን ፖሊስ መንገድ ላይ ያቆመው ዕለት፣ ኮፍያውን እንኳ ሳያደርግ ሮጦ ጣቢያ የደረሰው ይኸው ሰው ነው። "ሁለቱንም ከልቡ ነው የሚያደርገው" ስትል ጻፈች ማሬን። "እንዴት እንደሚሆን አልገባኝም።"

ሚስ ዴልጋዶ ግርጌው ላይ፣ "እኔም አልገባኝም። ቀጥይ" ብለው መለሱላት።

ጥቅምት ላይ ሚስ ዴልጋዶ ለክፍሉ አንድ ነገር አስታወቁ። የኅዳሩ ምርጫ ዕለት በምርጫ አስፈጻሚነት ሙሉ ቀን የሠራ ተማሪ ከግማሽ ዓመቱ ፈተና ነፃ ይሆናል። ማሬን እጇን ያወጣችው ለሀገር ፍቅር ብላ አይደለም፤ ፈተና ስለምትጠላ ነው።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ለአባቷ ነገረችው። ዴል ቶርገርሰን በረት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ነው፤ ሬዲዮው ደግሞ ምርጫ ይሰረቃል ካለ ቆይቷል።

"እዚያ ሄደሽ ምን ልትሠሪ ነው?" አላት።

"መዝገብ ላይ ስም እፈልጋለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ። ማታ ደግሞ እንቆጥራለን።"

"ለነሱ ልትሠሪ ነዋ!"

"እነሱ እነማን ናቸው አባዬ?"

"እነሱ ናቸዋ! የሚቆጥሩት!"

"እኛ ቀበሌ የሚቆጥሩት ወይዘሮ ቨርናና አቶ ሌስተር ናቸው።"

"ስለ ቨርና መች አወራሁ እኔ? ቨርናን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቃታለሁ፤ እርሳስ እንኳ ሰርቃ አታውቅም። እኔ የምልሽ ከተማ ስላሉት ነው።" ሹካውን ወደ መስኮቱ ቀሰረ፤ ከተማው እዚያ በቆሎው ማሳ ጫፍ ላይ የተደበቀ ይመስል። "መታወቂያ ይጠየቅ የሚለው ሕግ እንኳ በስንት ጭቅጭቅ ነው የወጣልን። ፎቶ ያለው መታወቂያ ያላሳየ አይምረጥ፣ በቃ! ይኼ ምኑ ይከብዳል?"

"ዴል፣ እንቁላልህ ቀዘቀዘ" አለች ጆይስ።

የኦተር ፎርክ ቀበሌ አዳራሽ ከድሮ ትምህርት ቤት የተረፈ አንድ ክፍል ነው። ከጎኑ በበረዶ ወቅት መንገዱ እንዳያንሸራትት የሚበተን የአሸዋና የጨው ክምር አለ። የቀበሌው ጸሐፊ ወይዘሮ ቨርና ፕሩስ የምርጫው ዕለት ማለዳ በሩን ሲከፍቱ፣ ማሬን በአንድ እጇ ቡና በሌላው ጓንቷን ይዛ ደጁ ላይ ትጠብቅ ነበር። ወይዘሮ ቨርና ሥልጠናውን ቀደም ብለው ሰጥተዋታል፤ ዛሬ የቀራቸው አንድ ቃል ነበር።

"የምታውቂውንም የማታውቂውንም እኩል ትጠይቂያለሽ። ሌላው ሁሉ ይለመዳል።"

ሥራው ከባድ አይደለም። ማሬንና አቶ ሌስተር ኮዋልስኪ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አቶ ሌስተር አርባ ዓመት ፖስታ ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የቀበሌውን ሰው ከስሙ ይልቅ በፖስታ ሣጥኑ ቀለም ያውቁታል። በሁለቱም ፊት አንድ ዓይነት መዝገብ ተዘርግቷል። መራጩ ይመጣል፣ ስሙንና አድራሻውን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ መታወቂያውን ያሳያል፣ በማሬን መዝገብ ላይ ይፈርማል። ማሬን ተራ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ትሰጠዋለች፤ ያንኑ ቁጥር እሷም አቶ ሌስተርም ከስሙ ጎን ይጽፋሉ። መራጩ ቁራጯን ለወይዘሮ ቨርና ሰጥቶ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ይቀበላል።

ሰው ከጠዋት ጀምሮ ጎረፈ። ስለ አጋዘን አደን ያወራሉ፣ ወይዘሮ ቨርና ጋግረው ያመጡትን የዱባ ኬክ ይቆርሳሉ፣ መርጠው ይሄዳሉ። አንዲት አሮጊት ስማቸውን ሲጠየቁ "እናትሽን ያዋለድኳት እኔ ነኝ፣ ስሜ ጠፍቶሽ ነው?" ብለው ማሬንን አሳቋት፤ ቢሆንም ስማቸውንም አድራሻቸውንም ተናገሩ።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ዴል ገባ። የበረት ቱታውን እንደለበሰ ነው፤ ቦት ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ተራውን ያዘ። ከኋላው ስድስት ሰባት ሰው ቆሟል። ተራው ሲደርስ ፈገግ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ።

"ቶርገርሰን፣ ዴል። የካውንቲ መንገድ ጄ፣ ቁጥር ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ። ወተት ቤቱ ያለበት።"

"መታወቂያ" አለች ማሬን።

ዴል የቱታውን የጎን ኪስ ዳሰሰ። የደረቱን ኪስ ዳሰሰ። ቱታው ውስጥ እጁን አስገብቶ የሱሪውን የኋላ ኪስ ዳሰሰ። ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ።

"ሱሪ ቀይሬያለሁ ለካ። ቦርሳዬ ቤት ቀርቷል። በይ ስጪኝ፣ ኋላ አሳይሻለሁ።"

"አይሆንም አባዬ።"

"ምን ማለትሽ ነው አይሆንም? አባትሽ ነኝ እኮ!"

"አውቃለሁ።"

"የተወለድሽ ዕለት በዚያ በረዶ ከሆስፒታል ጭኜ ያመጣሁሽ ሰው ነኝ! ሌስተር፣ አንተ ንገራት እንጂ!"

አቶ ሌስተር እርሳሳቸውን እያገላበጡ፣ "ዴል፣ አርባ ዓመት ፖስታህን አመላልሻለሁ፤ አንተ ለመሆንህ እምላለሁ" አሉ። "መዝገቡ ግን መሐላ አይቀበልም።"

ከሰልፉ አንዱ፣ "ኧረ ልቀቂው! ዴልን የማያውቅ ማን አለ?" አለ።

ማሬን ቀና ብላ ወይዘሮ ቨርናን አየች። ወይዘሮ ቨርና አልተነሡም። አይተዋት የድምፅ መስጫ ወረቀቶቹን ጠርዝ ማስተካከል ቀጠሉ። ማሬን ወደ አባቷ ዞረች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አባቷ ብቻ እንዲሰማ ብላ፣ "አባዬ፣ ይኼን ሕግ አንተ ራስህ ደግፈሃል" አለችው።

"እኔ የደገፍኩት ለሌላው ሰው ነው!" ብሎ ጮኸ ዴል።

ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ዴል የተናገረውን የሰማው ከሌሎቹ በኋላ ይመስል አንገቱ ከታች ወደ ላይ ቀላ። ወይዘሮ ቨርና ያን ጊዜ ተነሡና በዝግታ ነገሩት፤ ከፈለገ ድምፁን አሁን ሰጥቶ በፖስታ ታሽጎ እንዲቆይለት፣ እስከ ዓርብ መታወቂያውን ሲያመጣ እንዲቆጠርለት ማድረግ ይችላል።

"ድምፄ እስከ ዓርብ በፖስታ ታሽጎ ሊያድር? ሞቼ ነው!" ብሎ ወጣ። የመኪናው ጎማ ጠጠሩን ሲበትነው ውስጥ ድረስ ተሰማ።

ቤታቸው ዘጠኝ ማይል ይርቃል። በግማሽ ሰዓት መመለስ ነበረበት፤ አልተመለሰም። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ማሬን ስም ትጠይቃለች፣ ቁጥር ትጽፋለች፣ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። አባቷ በሰው ፊት የተሳቀበትን ነገር ለዓመታት እንደማይረሳ ታውቃለች። ከሁሉ ይልቅ ያሳሰባት ግን ሌላ ነው። በሕይወቱ አንድም ምርጫ ሳይመርጥ ያላለፈው ሰው፣ ዛሬ በእሷ ምክንያት ሊቀር ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። አንዲት ላም ስትወልድ ተቸግራ ኖሮ እጁን እስከ ክርኑ ፈትጎ ታጥቧል፤ ሳሙናው ይሸታል። ሰላም አላለም። መንጃ ፈቃዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ይኸው፣ ወይዘሪት ቶርገርሰን። ፎቶው እኔን ይመስል እንደሆነ እይው።"

"ይመስላል። እዚህ ጋ ፈርም።"

ፈረመ። ብዕሩን ሲመልስ ጎንበስ ብሎ፣ "ቤት እንነጋገራለን" አላት፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ። ማሬን መቶ አርባ ሦስት ቁጥር የተጻፈባትን ቁራጭ ወረቀት ሰጠችው። እሱ መርጦ ወረቀቱን ሣጥኑ ውስጥ ከትቶ ሲወጣ ጀርባውን ተመለከተች፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ሰው ስም ጠየቀች።

ምርጫው የሚዘጋው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ዴል እንደገና መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል።

"ቆጠራ ማየት ለማንም ይፈቀዳል ሲባል ሰምቻለሁ" አለ ለወይዘሮ ቨርና።

"ይፈቀዳል። እዚህ ላይ ስምህን ጻፍ፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥ። መታዘብ እንጂ መናገር የለም።"

"አንቺ ቨርና፣ በሁለተኛ ክፍልም እንዲሁ ነበርሽ።"

በሩ ተዘጋ፤ ሣጥኑ ተከፈተ። መጀመሪያ የሚቆጠረው ማን ስንት አገኘ የሚለው ሳይሆን ስንት ወረቀት አለ የሚለው ነው። ወረቀቶቹን ሁለት ጊዜ ቆጠሯቸው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። በአቶ ሌስተር መዝገብ ቁጥር የተጻፈላቸው መራጮች ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። በማሬን መዝገብ ሁለት መቶ አሥራ አንድ።

ዴል ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ተንፏቀቀ። "ይኸው! አንዱ ወረቀት ከየት መጣ?"

"ዴል" አሉ ወይዘሮ ቨርና ዞር ሳይሉ።

ማሬን እንደገና ቆጠረች። ሁለት መቶ አሥራ አንድ። ከአቶ ሌስተር ጋር ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አድርገው ከመጀመሪያው ስም ጀመሩ፤ አቶ ሌስተር በጣታቸው ስሙን ይዘው ቁጥሩን ያነባሉ፣ እሷ "አለ" ትላለች። አለ። አለ። አለ። ገጹ እየተገለበጠ ሄደ። መጨረሻው ገጽ ላይ አቶ ሌስተር "ቶርገርሰን፣ ዴል፣ መቶ አርባ ሦስት" አሉ።

ማሬን መስመሩን በጣቷ ያዘች። የአባቷ ፊርማ በመስመሩ ላይ ትልቅ ሆኖ ተጽፏል። ከጎኑ ያለው የቁጥሩ ቦታ ባዶ ነው።

"የኔ ስህተት ነው" አለች። "ፈርሟል፣ ቁራጯንም ሰጥቼዋለሁ። መዝገቡ ላይ መጻፍ ረስቼ ነው።"

ወይዘሮ ቨርና አልተቆጡም፣ አላጽናኑምም። የዕለቱ ክስተት የሚጻፍበትን ቅጽ ከነብዕሩ ፊቷ አስቀመጡ። "የሆነውን እንደሆነው ጻፊ። ሰዓቱን፣ ስሙን፣ ያንቺንም ስም።"

ማሬን ጻፈች። አባቷ ከአራት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ ሲያያት ይታወቃታል። ጽፋ ስትጨርስ ዴል እጁን አወጣ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ።

"መጠየቅ ይቻላል?"

"እኔን መጠየቅ ይቻላል" አሉ ወይዘሮ ቨርና።

"ታዲያ የኔ ድምፅ ተቆጥሯል ወይስ አልተቆጠረም?"

"ወረቀትህ ከነዚህ ውስጥ ነው፤ ይቆጠራል።"

"የትኛው እንደሆነ አሳይኛ።"

"አላውቀውም። ማናችንም አናውቀውም። ብናውቀው ነበር መፍራት የነበረብህ።"

ዴል ወንበሩ ላይ ተደግፎ ተቀመጠ።

ከዚያ ዋናው ቆጠራ ተጀመረ። ወይዘሮ ቨርና አንዱን ወረቀት አንሥተው ያነባሉ፣ ማሬንና አቶ ሌስተር በየራሳቸው ሉህ ላይ ሰረዝ ያኖራሉ፣ አምስት በሞላ ቁጥር ሁለቱም "አምስት" ይላሉ። አንድ ወረቀት ላይ ቆሙ። መራጩ ከስሙ ጎን ያለውን ትንሽ ክብ በመሙላት ፈንታ የዕጩውን ስም በብዕር ከቦታል። ይህ ዕጩ ስሙ ሲነሣ እንኳ ዴል ሬዲዮውን የሚዘጋበት ሰው ነው። ወይዘሮ ቨርና ወረቀቱን ለሁሉም እንዲታይ ከፍ አድርገው ያዙት።

"የፈለገው ሰው ግልጽ ነው እንጂ!" አለ ዴል ከወንበሩ። ከዚያ ወዲያው፣ "ይቅርታ፣ ቨርና" አለ። ድምፁ ለዚያ ሰው ተቆጠረ።

በማግስቱ ማለዳ ማሬን በረት ገብታ አባቷን አገዘችው። ሬዲዮው ክፍት ነበር፤ በሌላ ከተማ ስላለ ቆጠራ ይጮኻል። ዴል ድምፁን ቀነሰው።

"ትናንት በሰው ፊት አሳቅሽብኝ።"

"ያሳቅኸው አንተ ነህ አባዬ።"

የላሟን ጡት በጨርቅ ጠረገ። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ መሰል ነገር አየችና እሷም ሳቀች።

"ለማንኛውም" አለ በመጨረሻ፣ "ኦተር ፎርክ ላይ ሌብነት የለም። አይቻለሁ፣ በአፌ እመሰክራለሁ። ትልቁን ከተማ ሚልዋኪን ግን አላየሁም።"

"ሚልዋኪም እንደኔ ያለች ልጅ መዝገብ ይዛ ተቀምጣለች።"

"እሷን አላውቃትማ!"

"እሷም አንተን አታውቅህም። ስለዚህ ነው መታወቂያው።"

"ተይ እስቲ" አለና ወደሚቀጥለው ላም አለፈ። ሬዲዮውን ግን እስኪጨርሱ ድረስ ድምፁን አልመለሰውም።

የዚያን ሳምንት ማሬን አንድ ገጽ የተባለውን አራት አድርጋ ጻፈች። የረሳችውን ቁጥር አልደበቀችም። መጽሐፉ መንግሥት ሲል ትልልቅ ሕንፃዎች እንደሚታዩዋት፣ እሷ ያየችው ግን ሁለት መዝገብ እንደሆነ ጻፈች፤ አንዱ ሰው ሲሳሳት ሌላው እንዲያገኘው ተብሎ ጎን ለጎን የተዘረጋ። አባቷ የሚያውቀው ሰው ሲቆጥር አይቶ እንደሚያምን፣ በማያውቀው ሰው ላይ እምነት እንዲኖረው ማድረግ ግን እንዴት እንደሚቻል እንደማታውቅ ጻፈች። ይህ ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ እርስ በርሱ አይተዋወቅም።

ሚስ ዴልጋዶ ግርጌው ላይ፣ "መጨረሻው ላይ መልስ የለም። መልስ አትፈልጊለት፣ እንዳለ ይሁን" ብለው መለሱላት። ስለ ገጹ ብዛት ግን ትንሽ ነጥብ ቀነሱ።

ማሬን የጥርስ ትምህርቷን ጨርሳ ነጩን ጋዋን ለበሰች፤ ያሰበችው ሥራ አልቀረባትም። የካቲት ላይ ግን ወይዘሮ ቨርና ዳሌያቸውን ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ሆነና ደወሉላት። ምክትል ጸሐፊ ያስፈልጋቸዋል፤ ከሥራ በኋላ የሚሠራ ነው፣ የውሻ ፈቃድ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የምርጫ ወረቀት።

"ለምን እኔን?" አለች ማሬን። "ቁጥር የረሳሁት እኔ አይደለሁ?"

"ስምሽን ጽፈሻል" አሉ ወይዘሮ ቨርና። "በሚያዝያው ስብሰባ ትጀምሪያለሽ።"

ሚያዝያ ላይ የቀበሌው ዓመታዊ ስብሰባ ተደረገ። ሃያ ሦስት ሰው መጣ። የተነጋገሩት ስለ ሀገር አይደለም፤ በዝናብ ስለፈረሰ አንድ የቱቦ ድልድይ ነው፤ በዚህ ዓመት ይሠራ ወይስ ይቆይ? ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። ማሬን ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ ጣቶቿ ደነዘዙ። ዴል ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ተናገረ፤ ይቆይ ባይ ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ሊቀመንበሩ "ዴል፣ ይኼን ብለኸዋል" ብለው አስቀመጡት። በመጨረሻ እጅ አውጡ ተባለ። ይሠራ ያሉ አሥራ ሁለት፣ ይቆይ ያሉ አሥራ አንድ።

ዴል አንገቱን አዙሮ፣ ጣቱን እየቀሰረ፣ የሰዉን እጅ አንድ በአንድ ራሱ ቆጠረ።

"አሥራ ሁለት ነው" አለ ለማሬን። "ጻፊው።" ከዚያ ጃኬቱን መስኮቱ ላይ ሰቅሎ ወንበሮቹን እያጠፈ ከግድግዳው ጋር መደርደር ጀመረ።